ነገርን ከሥሩ፦ የፊልም አዘጋጆች ስለ ራሳቸው ሥራ የሚሰጡት ምስክርነት

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የአንድን ፊልም ምንጭ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ምክር ተከትሎ በመጀመሪያ ወደ ፊልሙ አዘጋጅ ቢሄድና ሐሳቡን ከየት እንዳገኘው፣ ማንን መምህር አድርጎ እንደ ተከተለ፣ ሥራውንም በምን ዘዴ እንዳሰናዳ ቢጠይቀው የሚነቀፍ አይደለም። አዘጋጆችም በእንዲህ ያለው ጥያቄ ደስ እያላቸው ይመልሳሉ፤ መልሳቸውም እየተሰበሰበ በመጽሐፍ ይታተማል። ከዚህም የተነሣ ብዙ የሲኒማ ተማሪዎች ፊልሙን ከመመርመር ይልቅ የአዘጋጁን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ አድርገው ሲጠቅሱ ይታያሉ።

ይሁን እንጂ የሥራው ባለቤት ስለ ሥራው የሚናገረው ቃል ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል? ይህ ጥያቄ የሲኒማ ተመልካችን ብቻ የሚመለከት አይምሰል። የሕዝብን ልማድና ሥርዐት የሚያጠና ሰው ዕለት ዕለት የሚገጥመው ጥያቄ ነው። አንድ ሽማግሌ ስለ ትውልዱ ሐረግ ወይም ስለ ርስቱ አመጣጥ ሲነግረው አጥኚው በአክብሮት ያዳምጣል፤ በደብተሩም ይጽፋል። ነገር ግን ሽማግሌው ይህን ለማን እንደ ተናገሩ፣ ምንን ሳያነሡ እንደ ተዉ፣ ቃላቸውም በምድሩ ላይ ከሚታየው ምልክት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ሳይመረምር አይተወውም። እንዲህ ማድረጉም ሽማግሌውን መናቅ አይደለም፤ ቃላቸውን ከቁም ነገር መቍጠር ነው እንጂ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፤ የፊልም አዘጋጅ ስለ ራሱ ሲናገር እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ምስክር ልንሰማው ይገባል።

ነጻ አዘጋጅ የምንለው ከታላላቅ የፊልም ኩባንያዎች ትእዛዝ ውጭ ሆኖ፣ ገንዘቡን ከዚህም ከዚያም አጠራቅሞ፣ ድርሰቱንም ቅንብሩንም በራሱ ኀላፊነት የሚሠራውን ነው። ለምሳሌ የምናመጣቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ የሴኔጋል ተወላጆች፣ አንዱ የሀገራችን የጎንደር ልጅ። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሴምቤን ኡስማን በ1923 በደቡብ ሴኔጋል በዚጋንሾር ከተማ ከዓሣ አጥማጅ አባት ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ አገለገሉ፤ ከዚያም በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ ሆነው ሠሩ። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን በ1956 በፈረንሳይኛ ካሳተሙ በኋላ፣ የሚጽፉላቸው ሰዎች አብዛኞቹ መጻሕፍታቸውን ሊያነቡ እንደማይችሉ እየተረዱ ሄዱ። ስለዚህም ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲጠጋ ሞስኮ ሄደው በማርክ ዶንስኮይ ዘንድ የፊልም ሥራ ተማሩ። ሲኒማ ለአፍሪካ ሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት ነው ማለትን ያዘወትሩ ነበር። ስለ ራሳቸውም ሲጠየቁ የአፍሪካ የፊልም አዘጋጅ እንደ ጥንቱ ግሪዮ የሕዝቡ ታሪክ ጠባቂ፣ ተራኪና ኅሊና ነው ሲሉ ይመልሱ ነበር።

ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ብዙ ጊዜም ሳይመረመር ታልፏል። ግሪዮ በምዕራብ አፍሪካ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ቆም ማለቱ አይቀርም። በወሎፍ ሕዝብ ዘንድ ግሪዮነት በትውልድ የሚወረስ ሙያ ነው። ግሪዮው የመሳፍንቱንና የባለጸጎቹን የዘር ሐረግ እየዘረዘረ ያወድሳል፤ ተወዳሹም ይሸልመዋል። የእኛ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በሠርግ ቤት አዝማሪው የእንግዳውን አባትና አያት እየጠራ ሲያሞግስ፣ ወይም ላሊበላው በማለዳ ከደጅ ቆሞ የባለቤቱን ስም እያነሣ ሲያዜም የሰማ ሰው ሁሉ፣ በውዳሴና በስጦታ መካከል ያለውን ዝምድና ያውቃል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሆኑት ሴምቤን በትውልድም በሥራም ግሪዮ አልነበሩም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሴምቤን በ1963 የሠሩት «ቦሮም ሳሬት» የተባለው አጭር ፊልም የአንድ ባለ ጋሪ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ባለ ጋሪው በዳካር ድኾች ሠፈር ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ይውላል፤ ከተሳፋሪዎቹም አንዳንዶቹ አይከፍሉትም። በመካከሉ አንድ ግሪዮ ይመጣና የባለ ጋሪውን ቅድመ አያቶች ጀግንነት እያነሣ ያወድሰዋል። ድኻው ሰው በአባቶቹ ክብር ልቡ ይሞቃል፤ ያገኘውንም ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ይሰጠዋል። ኋላም ጋሪ ወደማይገባበት ወደ ባለጸጎቹ ሠፈር ዕቃ ይዞ ሲወጣ ፖሊስ ጋሪውን ይወስድበታል፤ ባዶ እጁንም ከቤቱ ይገባል። እንግዲህ በቃለ ምልልስ የተመሰገነው ግሪዮ፣ በፊልሙ ውስጥ የድኻውን የዕለት ጉርሥ በምላሱ የሚወስድ ሆኖ ቀርቧል።

ታዲያ ሴምቤን ዋሹ ልንል ነውን? አይደለም። ቃላቸው የተወለዱበትን ሳይሆን የተመኙትን ማዕርግ ይገልጣል። ከግሪዮው መታሰቢያነቱን ለመውሰድ፣ ደጅ ጠኚነቱን ለመተው ፈለጉ። ፊልሙ ይህን ፍላጎት ከቃለ ምልልሱ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ያስረዳል፤ ምክንያቱም የሚጥሉት ነገር ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያሳያል። ይሁን እንጂ ተሸላሚነትን መተው ቀላል አልነበረም። በ1968 የሠሩት «ማንዳቢ» በወሎፍ ቋንቋ ለመነገር ፈር ቀዳጅ የሆነ ረጅም ፊልም ነው። ገንዘቡ በከፊል ከፈረንሳይ መንግሥት የሲኒማ ማዕከል የተገኘ ሲሆን፣ በወሎፍና በፈረንሳይኛ በሁለት መልክ ተቀርጿል። ለሕዝቡ በሕዝቡ ቋንቋ እናገራለሁ ያለ ሰው ያንኑ ታሪክ በሁለተኛ ቋንቋ ደግሞ ማስነገሩ፣ ሸላሚው ከአዳራሹ ፈጽሞ እንዳልወጣ ያመለክታል። ስለ ፊልም ምንጭ ስንነጋገር ተረቱንና መምህሩን ብቻ ሳይሆን የገንዘቡንም ምንጭ መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የኤትኖሎጂን ሙያ በቀጥታ ይነካል። ፈረንሳዊው ሙሴ ዣን ሩሽ በመጀመሪያ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ፤ ኋላም በኒጀርና በአካባቢው የሕዝቡን ሥርዐት በካሜራ በመቅረጽ ስማቸው የገነነ የኤትኖሎጂ ሊቅ ሆኑ። በ1965 ከሴምቤን ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገሩ፣ ሴምቤን እነዚህ ሊቃውንት አፍሪካውያንን እንደ ነፍሳት ይመለከታሉ ሲሉ ወቀሷቸው። ይህ ወቀሳ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይጠቀሳል። በዚያው ጭውውት ሴምቤን የሩሽን «እኔ ጥቁር ሰው» የተባለውን የ1958 ፊልም ማመስገናቸውና አፍሪካዊ ሊሠራው ይችል የነበረ ሥራ ነው ማለታቸው ግን ከወቀሳው ያነሰ ይወሳል። በዚያ ፊልም ዋናው ተዋናይ ኡማሩ ጋንዳ በሥዕሎቹ ላይ በራሱ ድምፅ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ኋላም ራሱ የፊልም አዘጋጅ ሆኗል። ስለዚህ የሴምቤን ወቀሳ በካሜራው ላይ ወይም በነጭ አጥኚው መልክ ላይ ብቻ ያነጣጠረ አይደለም። የሚታየው ሰው አፍ አለው ወይስ የለውም የሚል ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡት አንዷ ወይዘሮ ሳፊ ፋይ ናቸው። በ1943 በዳካር ተወልደው መምህርት ሆኑ፤ ወገናቸው ከሴሬር ሕዝብ ነው። ከሙሴ ሩሽ ጋር ተዋውቀው በአንድ ፊልማቸው ውስጥ ተጫወቱ፤ ከዚያም በፓሪስ ኤትኖሎጂንና የፊልም ሥራን ተማሩ። በ1975 «ካዱ ቤይካት» የተባለውን ፊልም ሠሩ፤ ትርጓሜው «የገበሬ ድምፅ» ማለት ነው። በፊልሙ የወላጆቻቸው መንደር ሰዎች ስለ ለውዝ እርሻ፣ ስለ ግብርና ስለ ዕዳ ይመክራሉ፤ ንጎር የተባለ ጎልማሳም ለጋብቻ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ወደ ዳካር ይሄዳል። ወይዘሮ ሳፊ በ2023 ዐርፈዋል።

ስለ አሠራራቸው ሲጠየቁ፣ ለሰዎቹ ሐሳቡን ብቻ እየሰጡ እንደ ልባቸው እንዲናገሩ እንደሚተዉአቸው ይናገሩ ነበር። ይህም ምስክርነት መመዘን ይገባዋል። ገበሬዎቹ በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ነገሩን ሲያዘገዩና ዝም ሲሉ፣ በእርግጥ ማንም ቃል እንዳላስጠናቸው እናምናለን። የንጎርና የእጮኛው የኩምባ ታሪክ ግን የተሰናዳ ልብ ወለድ ነው፤ ከየትኛው ንግግር በኋላ የትኛው ሥዕል እንደሚመጣ የወሰነችውም የአዘጋጇ እጅ ናት። ስለዚህ «እነርሱ ራሳቸው ይናገራሉ» የሚለው ቃል ግማሽ እውነት ነው።

ነገር ግን ይህ ግማሽነት ያስመሰግናቸዋል እንጂ አያስነቅፋቸውም፤ እጃቸውን አልሸሸጉምና። ፊልሙ በደብዳቤ መልክ የተሠራ ነው፤ የሚሰማውም ድምፅ የራሳቸው ነው። ማን እንደሚናገር፣ የማን ልጅ እንደ ሆነች እናውቃለን። በቀድሞዎቹ የኤትኖሎጂ ፊልሞች የምንሰማው ድምፅ ግን ስም የሌለው፣ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስል ነበር፤ ስለ ሁሉም ይናገራል፣ ስለ ራሱ ግን አንዳች አይነግረንም። ከወይዘሮ ሳፊ ፊልም የምንማረው ተመራማሪ ፈጽሞ መጥፋት እንደማይችል፣ ነገር ግን የቆመበትን ስፍራ መንገር እንደሚችል ነው። በፊልሙ የሚታዩት አያታቸው ከቀረጻው በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ፤ ፊልሙም ይህን ለተመልካቹ ይነግራል። የተቀረጸው ሰው ዘመድ ሲሆን መዝገቡ ኀዘንንም ይጨምራል።

ሦስተኛው ምስክር ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ደራሲና የቴአትር ሰው ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፋቸውም ይታወቃሉ። ልጃቸው በአባታቸው ቴአትር ውስጥ እየተጫወቱ ካደጉ በኋላ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ የቴአትር ትምህርት ጀመሩ፤ በ1970ም በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ፊልምን አጠኑ። ስለ ምንጫቸው ሲጠየቁ ዘወትር የሚያነሡት ምድጃ ዳር ተረት ይነግሯቸው የነበሩትን ሴት አያታቸውንና አባታቸውን ነው።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማይናዘዘውን አንድ ነገርም ተናግረዋል። በልጅነታቸው በጎንደር ሲኒማ ቤት የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላው ሲመጡበት እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደ ነበር አውስተዋል። የጎንደር ሕፃን በገዛ ወገኑ ላይ ለባዕድ ጀግና ወገነ ማለት ነው። እኔ ይህን ኑዛዜ ከምስጋናው ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ሰው የወደደውን መምህር መጥቀስ ቀላል ነው፤ ያሳሳተውን መምህር መጥቀስ ግን ድፍረት ይጠይቃል። ተጽዕኖ የሚባለውም የምንከተለው ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የምንታገለውም ጭምር ነው።

አሁን ምስክርነቱን በሥራው እንመዝን። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልማቸው በ1974፣ በእኛ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሰሞን፣ በሀገራችን በጥቁርና ነጭ በጥቂት ሳምንታት ተቀርጾ በ1976 ለሕዝብ ታየ። ታሪኩ በአንድ ባለ ርስት ሥር የሚያርስ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው። ባለ ርስቱ በወንበሩ ተቀምጦ ይቈጣል፤ ጭሰኛው ያርሳል፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ፤ ሰዎች እብድ የሚሉት ከበበ ደግሞ ሌላው የሚፈራውን ቃል በአደባባይ ይናገራል። ፍጻሜውም ሞትና ስደት ነው።

በዚህ ፊልም የአያታቸው ምድጃ ይታያልን? በከፊል ይታያል። ንጋቱ፣ ጸሎቱ፣ ጥማዱ፣ የከብቱ ወደ ውሃ መውረድ እየተመላለሰ ሲመጣ፣ ተረት ነጋሪ ሰሚው እንዳይረሳ አንዱን ነገር ደጋግሞ እንደሚያነሣው ያለ ትዕግሥት ይሰማናል። በእኔ አስተያየት ግን ከአያታቸው ይልቅ አባታቸው ጎልተው ይታያሉ። የባለ ርስቱ ረጅም ተግሣጽና የከበበ ንግግር የመድረክ ንግግሮች ናቸው፤ ተናጋሪው ከፊቱ ላለው ሰው ብቻ ሳይሆን ለአዳራሹ ሁሉ ይናገራል። ሴት ልጂቱ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ የምታይበት ክፍል ደግሞ ከምድጃውም ከመድረኩም የመጣ አይመስለኝም። ሰውንና እንስሳን በአንድ ቀንበር ሥር አጋጥሞ ፍርዱን ለተመልካች መተው በዚያን ዘመን የሎስ አንጀለስ ተማሪዎች ከላቲን አሜሪካና ከሌሎች ሀገሮች ፊልሞች የቀሰሙት የቅንብር ጥበብ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ከእርሳቸው ጋር እንደ ቻርልስ በርኔት ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በርኔት በ«ቡሽ ማማ» ቀረጻ ላይም በካሜራ ሠርተዋል። የሀገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤልም ሦስተኛው ሲኒማ ስለሚባለው የነጻነት ሲኒማ በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በ1982ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ይህን ማለቴ የአያታቸውን ውለታ ለመቀነስ አይደለም። ስደተኛ አርቲስት በባዕድ ሀገር ሲጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ሰው ስም ቢጠራ ምክንያት አለው። በዙሪያው ያሉት ትምህርቱን ሁሉ ከእነርሱ እንዳገኘ አድርገው ያስባሉና። መልሱ እንግዲህ የታሪክ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የክርክር ቃል ነው። ለማን እንደ ተነገረ ካልጠየቅን ትርጉሙን እንስታለን።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ለሐያሲም ስፍራ ሰጥተዋል። በ1989 በታተመው ጽሑፋቸው ስለ ሦስት ማዕዘን ሲኒማ ሲያስረዱ፣ አዘጋጁን፣ ሕዝቡንና ሐያሲውን በአንድነት ያቆማሉ። በጽሑፉ ርእስ ውስጥም ድንቅነሽን ከሉሲ ጋር አፋጥጠዋቸዋል። ፊልማቸው በተቀረጸበት በዚያው በ1974 በአፋር በሐዳር የተገኘችው ቅሪት በዓለም ዘንድ የታወቀችው በአንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን ስም ነው፤ እኛ ደግሞ ድንቅነሽ እንላታለን። ስም የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የፊልምም የኤትኖሎጂም ጥያቄ ነው። «ሳንኮፋ» የተባለውን የ1993 ፊልማቸውን አከፋፋዮች ባልወሰዱላቸው ጊዜም፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሺሪኪያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራዩ በየከተማው ለሕዝብ አሳይተዋል። ሴምቤንም እንዲሁ ፊልማቸውን ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ ከተመልካች ጋር ይከራከሩ ነበር።

እዚህ ላይ ምድጃው ትክክለኛ ትርጉሙን የሚያገኝ ይመስለኛል። በቤታችን ነጋሪዋ «ተረት ተረት» ስትል ሕፃናቱ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። ከጓዳ ደግሞ «እንዲያስ አይደለም፤ ቀበሮው ነው ቀድሞ የመጣው» ብላ የምታርም አንዲት አክስት አትጠፋም። ነጋሪ፣ ተቀባይና አራሚ እነሆ ሦስት ናቸው። አዘጋጆቹ ከአያቶቻቸው ወረስን የሚሉት ነገር በሥዕሎቹ አቀማመጥ ውስጥ ተፈልጎ ሁልጊዜ ባይገኝም፣ ፊልሙን ሕዝቡ ካልመለሰለት ያልተፈጸመ አድርገው በመቍጠራቸው ግን በእርግጥ ይገኛል። ከቃለ ምልልሶቻቸውም ከሥራዎቻቸውም እኩል የሚመሰከርለት ውርስ ይህ ነው።

ስለዚህ ለወጣት አጥኚዎች አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ በሀገራችንም ሆነ በስደት ካሜራ የያዙ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ነገ እነርሱም ስለ ምንጫቸው ይጠየቃሉ፤ እነርሱም አያቴ ይላሉ። ጠያቂው ይህን ስም በደብተሩ ጽፎ ምስጋናውን ተቀብሎ ቢነሣ ሥራውን አልፈጸመም። የትኛው ተረት ነበር? በምን ሰዓት ተነገረ? የት ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ? ማን ተቀበላቸው፣ ማንስ አረማቸው? አያቲቱ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከአዘጋጁ ቤት ወጥቶ ወደ እርሳቸው ይሂድ። ፊልሙ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ቃለ ምልልሱም ይታተማል። ምንጭ ናቸው የተባሉት ባልቴት ግን ብዙ ጊዜ በልጅ ልጃቸው አንደበት ካልሆነ በቀር ተሰምተው አያውቁም። ከሦስቱ ምስክሮች መካከል የሚፈጥነው ሞት የእርሳቸው ነውና፣ መጠየቅም ከእርሳቸው ይጀመር።